የከተማ የማስተናገድ አቅም ምንድን ነው?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የዋለ ሰው ትርጉሙን ሳይነገረው ያውቀዋል። የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት በዚያ ዕለት አልቤርጎው ቀድሞ ይሞላል፤ ክፍል ያጣ እንግዳ ዘመድ ቤት ገብቶ መደብ ላይ ያድራል፣ ፈረሱም ከጓሮ ይታሰርለታል። የከተማ የማስተናገድ አቅም ማለት አንድ ከተማ የነዋሪውን የዕለት ኑሮ ሳያናጋ ለተወሰኑ ቀናት ሊያሳድረው፣ ሊመግበው፣ ሊያመላልሰውና ደኅንነቱን ሊጠብቅለት የሚችለው የእንግዳ ልክ ነው።

ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድር ሲሆን ግን መደቡም ዘመዱም አይቆጠርም። ፊፋ ለዓለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታ ቢያንስ 40 ሺህ፣ ለመክፈቻና ለፍጻሜ ደግሞ 80 ሺህ መቀመጫ ይጠይቃል። ትልቅ ከተማ የሚጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ ሆቴሉ፣ አውቶቡሱና ሆስፒታሉ ለራሱ ነዋሪ ሲባል ቀድሞ የተሠራ በመሆኑ እንግዳው ሲሄድ ባዶውን አይቀርም፤ ትንሽ ከተማ ግን ለሁለት ሳምንት ብሎ የገነባውን ለዓመታት ሲጠግን ይኖራል።

ይህ ማለት ትንሽ ከተማ አይችልም ማለት አይደለም። የ1994ቱን የክረምት ኦሊምፒክ ያዘጋጀችው የኖርዌይዋ ሊልሃመር ነዋሪዎቿ ወደ 25 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ የበረዶ ሜዳ ውድድሮቹን ከሃማርና ከዮቪክ ጋር ተካፍላ ሸክሟን አቀለለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮናን ያስተናገደችው የአሜሪካዋ ዩጂንም አትሌቶቹን ያሳደረችው በዩኒቨርሲቲዋ የተማሪ ማደሪያ ነው።

በአንጻሩ መቀመጫ መብዛቱ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከባሕር ዳር በላይ ምስክር የለም። ስታዲየሙ ከአገሪቱ ትልልቆች አንዱ ሆኖ ሳለ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት ባለማሟላቱ ታገደ፤ ብሔራዊ ቡድናችንም በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው።

ስለዚህ፣ በእኔ እምነት፣ ከስታዲየም በፊት መቆጠር ያለበት አልጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን ያዘጋጀችው የአውስትራሊያዋ ባተርስት በነዋሪ ብዛት ከደብረ ማርቆስ ታንሳለች፤ ሩጫውም የተካሄደው ስታዲየም ውስጥ ሳይሆን ኮረብታ ላይ ነበር። ኮረብታና መስክ ለደብረ ማርቆስ ብርቅ አይደለም፤ የሚቀራት ሯጩ የሚያድርበት ንጹሕ ክፍል፣ የማይቋረጥ ውኃና መብራት፣ ለዶፒንግ (ለአበረታች መድኃኒት) ምርመራ ናሙና የሚወሰድበት ቦታ፣ እንዲሁም ቡድኖቹ በሰዓታቸው የሚደርሱበት አስተማማኝ መንገድ ነው።