በቼዝ የሦስት ጊዜ ድግግሞሽ ምንድን ነው?

በውድድር ቼዝ አንድ አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሲታይ ተረኛው ተጫዋች አቻ መጠየቅ ይችላል። የሚቆጠረው አቀማመጡ እንጂ እንቅስቃሴው አይደለም፤ ንግሥትን ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ብቻውን መብት አይሰጥም። ሦስቱ ጊዜያትም ተከታታይ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ በመካከል አሥር እንቅስቃሴ ቢያልፍም ይቆጠራል።

አቀማመጡ አንድ ነው የሚባለው ጠጠሮቹ በየቦታቸው ስለተገኙ ብቻ አይደለም። ተራው የዚያው ተጫዋች መሆን አለበት፤ የካስሊንግ (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ ተራ ማንቀሳቀስ) እና የአንፓሳን (ሁለት ቤት የሄደን ወታደር አንድ ቤት ብቻ እንደሄደ ቆጥሮ ወዲያው መብላት) መብትም እንደነበረ መቆየት አለበት። ካስሊንግ ያልሠራ ንጉሥ አንዴ ወጥቶ ቢመለስ ሰሌዳው ለዓይን ያው ነው፤ መብቱ ግን ስለጠፋ የቀድሞው አቀማመጥ ከቁጥር ይወጣል።

ተራውን መዘንጋት የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። በ1972 (እ.ኤ.አ.) ሬይክጃቪክ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 20ኛ ጨዋታ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ዳኛውን ሎታር ሽሚድን ጠርቶ አቻ ጠየቀ፤ ተጋጣሚው ቦሪስ ስፓስኪም ሳይከራከር ፈረመ። በኋላ ሲታይ ግን አቀማመጡ የመጣው ከነጭ 48ኛና 50ኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ከጥቁር 54ኛ እንቅስቃሴ በኋላ ነበር። ሁለቴ ጥቁር ተረኛ፣ በሦስተኛው ነጭ! ጥያቄው ደንቡን ባያሟላም ሁለቱም ስለተስማሙ ውጤቱ ጸና።

ብዙ ግማሽ ነጥብ (የአቻ ውጤት) የሚባክነው አጠያየቁ ላይ ነው። ሦስተኛውን አቀማመጥ የሚያመጣው የእርስዎ እንቅስቃሴ ከሆነ ጠጠር አይንኩ። እንቅስቃሴውን በጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀትዎ ላይ ይጻፉ፣ ሰዓቱን ያቁሙ፣ ዳኛ ጠርተው ይህን ልጫወት ነው ይበሉ። የጻፉትን መቀየር አይቻልም። መጀመሪያ ተጫውተው፣ ሰዓቱን መትተው "አቻ!" ካሉ ግን ረፍዷል፤ ተራው የተጋጣሚዎ ሆኗል። አቀማመጡን ያመጣው ተጋጣሚዎ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይነኩ ወዲያው ይጠይቁ።

ዳኛው ከተመዘገበው ጨዋታ ያጣራል። ትክክል ከሆነ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ካልሆነ ለተጋጣሚዎ 2 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ እርስዎም የጻፉትን ይጫወታሉ።

ማንም ሳይጠይቅ አቀማመጡ አምስት ጊዜ ከመጣ፣ በፊዴ (የዓለም አቀፍ ቼዝ ፌዴሬሽን) ደንብ ጨዋታው ያለ ጥያቄ በአቻ ያልቃል። እየመራ ያለ ተጫዋችም አንዳንዴ ሆን ብሎ ሁለቴ ይደግማል፤ በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ በሚጨመርበት ውድድር ሰዓት እየሰበሰበ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ወደሚሰጥበት 40ኛው እንቅስቃሴ ይጠጋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ወረቀቱን በትክክል የሞላ መሆን አለበት፤ በቆጠራው አንድ ከሳተ አሸናፊ ጨዋታውን በአቻ ያስረክባል።