ሕፃኑን የታቀፉ ያረጁ ክንዶች

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በፊት የምከፍተው አንድ የላስቲክ ሳጥን አለኝ። ሰባት ክፍል አለው፤ ለየቀኑ አንድ። ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ክኒን እሑድ ማታ እየለየሁ እሞላበታለሁ። ዓይኔን ሞራ ስለጋረደው ክቡን ከሞላላው የምለየው በጣቴ ዳስሼ ነው። ገና እስኪደርስ የሚቀረውንም ጊዜ መቁጠር የያዝሁት በዚሁ ሳጥን ነው።

ስለ እርጅና ስናስተምር ብዙ ጊዜ እናሳምረዋለን። የሸበተ ጠጉር የክብር ዘውድ መሆኑን ጠቅሰን እናልፋለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ ሌላውንም ገጽ አልሸሸገም። የይስሐቅ ዓይኖች ፈዘዙ። ዳዊት ልብስ ቢደርቡለትም አልሞቀውም። የ80 ዓመቱ ቤርዜሊ ንጉሡ ወደ ኢየሩሳሌም አብሮት እንዲሄድ ሲጋብዘው፣ የሚበላውን እንደማያጣጥም፣ የዘፋኞችንም ድምፅ እንደማይሰማ ነግሮት ቀረ። መዝሙረኛውም «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» እያለ ፍርሃቱን ሳያፍር ጸለየ። እንግዲህ «አሞኛል፣ ደክሞኛል» ማለት ማጉረምረም የሚሆነው መቼ ነው? ለእግዚአብሔር የምንለው ከሆነ ጸሎት ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ደጋግሞ ስለሚነሣበት ሕመም መክሮታል፤ የተወደደው ባለ መድኃኒት ሉቃስም ባልንጀራው ነበረ። ክኒን መዋጥ የእምነት ጉድለት ነው የሚላችሁ ሰው ቢመጣ በትዕግሥት አድምጡት፤ ከዚያ ክኒናችሁን ዋጡ።

ይህ ባለ መድኃኒት የጻፈውን የልደት ታሪክ እስቲ በሽማግሌ ዓይን አንብቡት። ስለ ልደት ስናስብ ወጣቷ እናት፣ ሕፃኑና እረኞቹ ይታዩናል። ሉቃስ ግን የሚጀምረው በዕድሜያቸው ከገፉት ከዘካርያስና ከኤልሳቤጥ ነው። ታሪኩንም ወደ ቤተ መቅደስ ወስዶ ስምዖንና ሐና እጅ ላይ ያደርሰዋል። ስምዖን ሽማግሌ መሆኑን ወንጌሉ በቃል አይናገርም፤ አረጋዊ ያሰኘው የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው። በሰላም አሰናብተኝ ማለቱን ስሰማ ግን ትውፊቱ ልክ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በኦሪት ሕግ ወንድ ልጅ የወለደች እናት የመንጻትዋ ወራት የሚፈጸመው በ40 ቀን ነው፤ ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ያመጡትም ያን ጊዜ ነው። የ40 ቀን ሕፃን አንገቱ አልጠናም፤ የሚያቅፈው ሰው ጭንቅላቱን በመዳፉ መደገፍ አለበት። እናቱ ልጇን ለስምዖን ስትሰጥ እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆን? አላውቅም፤ የእኔ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በኢሳይያስ አፍ «እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ» ያለው አምላክ፣ ባለ ሽበት ሊሸከመው ወደሚችል ክብደት ወርዶ መጣ። ስምዖንም «ዓይኖቼ ማዳንህን አይተዋል» አለ። ይህን ቃል ከሞራ በስተጀርባ ሆኜ ሳነበው ሌላ ጣዕም አለው።

ሐና ደግሞ ከባልዋ ጋር የኖረችው 7 ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የመበለትነት ኑሮ፣ ጾም፣ ጸሎት፤ ሉቃስ 84 ዓመትን ይጠቅሳል። ሕፃኑን ባየች ጊዜ ስለ እርሱ ቤዛነትን ለሚጠባበቁ ሁሉ ትናገር ጀመር። ጉልበት ያነሳት ሴት አፍዋ አላነሳትም።

ጉልበታችሁ መንበርከክ ቢያቅተው ወንበር ላይ ጸልዩ። በበዓሉ ቀን ከአልጋ መነሣት ባትችሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትን በስማቸው እየጠራችሁ ጸልዩላቸው።

በወጣትነቴ በበዓል ጠዋት «እንኳን አደረሰህ» ሲሉኝ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ ወደ ጉዳዬ እሮጥ ነበር። ዛሬ ቃሉ ውስጥ ያለው አድራሽ ይታየኛል። «ለከርሞ ያድርሰን» ሲባልም «አሜን» የምለው ዝግ ብዬ ነው፤ ባያደርሰኝም የምደርስበት እርሱ ዘንድ ነውና አሜኑ አይቀየርም።

ትናንት እሑድ ነበር፤ ሳጥኑን ሞላሁ። አንዲት ክኒን ከእጄ አምልጣ ከአልጋው ሥር ገባችና የልጅ ልጄ በሆዱ ተኝቶ አወጣልኝ። «ገና ስንት ቀረው?» አለኝ። «ሦስት ሙሌት» አልሁት።