«ኖርማል» እና «ሪከርድ» ይለያያሉ

ወደ ፋርጎ፣ ኖርዝ ዳኮታ የምትመጡ ልጆች «ኖርማል» እና «ሪከርድ» የሚባሉት የሙቀት ቁጥሮች ልዩነታቸው ምንድነው ብላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ልጻፈው። ዌዘር ላይ «ኖርማል» ሲሉ የ30 ዓመት አማካይ ማለታቸው ነው፣ አሁን የሚሰራበት በፈረንጅ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው፣ በየ10 ዓመቱ ስለሚታደስ ቁጥሩ ትንሽ ይቀያየራል። «ሪከርድ» ግን መለካት ከተጀመረ ጀምሮ የታየው ጫፍ ነው።

ፋርጎ ጁላይ 1936 ላይ 45.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳለች፣ ጃንዋሪ 1887 ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች 44፣ ኖርማሉ ግን የጁላይ ቀን ወደ 28 የጃንዋሪ ሌሊት ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው። ልዩነቱን አያችሁት? እና ኖርማል 28 ነው ማለት በየቀኑ 28 ይሆናል ማለት አይደለም፣ አንድ ቀን 22 ሌላ ቀን 34 ቢሆን አማካዩ ያው 28 ነው፣ ሁለቱም ቀን ግን 28 አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው «ዛሬ ሪከርድ ተሰበረ» ሲባል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው የዛች ቀን ሪከርድ ብቻ ነው፣ ማለትም ቀኑ ለምሳሌ ማርች 10 ከሆነ፣ ካለፉት ዓመታት ማርች 10ዎች ሁሉ የዘንድሮው ሞቀ እንጂ 1936ን አለፈ ማለት አይደለም። ጃኬት ስትገዙ ግን ኖርማሉን ብቻ አትዩ በናታችሁ፣ ከሱ በጣም የሚወርዱ ሌሊቶች በየክረምቱ አሉ።