የአማካሪነት ፌሎውሺፕ በአይሁድ ጥናት፦ ከጎንደር ሲታይ

የአማካሪነት ፌሎውሺፕ በአይሁድ ጥናት ዘርፍ ብዙም ካልታዩ ማኅበረሰቦች የሚመጡ ጀማሪ ተመራማሪዎችን ልምድ ካላቸው ምሁራን ጋር ለተወሰነ ጊዜ የሚያጣምር ድጋፍ ነው። ድጋፉ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም። አማካሪው የጀማሪውን ረቂቅ ያነባል፣ ለጉባኤ ያዘጋጀዋል፣ የትኛው መጽሔት ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚቀበል ያስረዳዋል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ከምሁራን ቤት የወጣ ተማሪ ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ያገኘዋል፤ ሌላው ማንን እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም።

ጎንደር ለዚህ ዘርፍ ብዙ ሰጥታለች። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በወለቃ፣ በአምቦበር፣ በደምቢያና በስሜን ተራሮች ለዘመናት ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ስግድ የተባለውን ዓመታዊ የጾምና የጸሎት በዓላቸውን እያከበሩ ኖረዋል። አይሁዳዊው ምሁር ዮሴፍ ሃሌቪ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ አካባቢው ከተጓዘ ወዲህ ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል፤ ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ግን የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የአገሩ ሰው መንገድ መሪ፣ አስተርጓሚና መረጃ ሰጪ ሆኖ ቀረ፤ ስሙም በመጽሐፉ ሽፋን ላይ አልወጣም። ይህ ሊታረም የሚገባው በደል ነው።

ወጣትን ከመምህር ጋር የማጣመር ልማድ ግን እዚህ ነባር ነው። በማኅበረሰቡ ውስጥ የቤተ እስራኤል ቄሶችና መነኮሳት ደቀ መዛሙርትን ከሥራቸው አድርገው ያስተምሩ ነበር። የሃሌቪ ተማሪ የነበረው ዣክ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1904 ከመጣ በኋላ ወጣቶችን እየመረጠ ወደ አውሮፓና ወደ ኢየሩሳሌም ይልክ ጀመር። ከእነርሱ አንዱ ታምራት አማኑኤል በፓሪስና በፍሎረንስ ተምረው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤትም መሩ። የወለቃው ተወላጅ ዮና ቦጋለም በዚሁ መንገድ አልፈው መምህርና ተርጓሚ ሆነዋል። መንገዱ ዋጋ አስከፍሏል፤ በባዕድ አገር በሕመም ያለፉ ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ደግሞ በሁለት ዙር 27 ወጣቶች እስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ወደተባለ የወጣቶች ማስተማሪያ መንደር ተላኩ፤ ከተመላሾቹም በጎንደር ዙሪያ መንደሮች ያስተማሩ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 አብዛኛው ማኅበረሰብ ወደ እስራኤል ከሄደ በኋላ ዕውቀቱ በሁለት አገር ተከፍሏል። አዛውንቱ ቄሶችና ሰፊዎቹ ቤተ መጻሕፍት እዚያ ናቸው። የጸሎት ቤቶቹ ስፍራዎች፣ መቃብሮቹ፣ የቀድሞ ጎረቤቶች ትዝታና የግእዝ ትምህርቱ ደግሞ እዚህ ናቸው። እስራኤል ያደገው የቤተ እስራኤል ልጅ ዕብራይስጥ አለው፤ ግእዝና አማርኛ ግን ሊያጥሩት ይችላሉ። የጎንደሩ ተመራቂ ችግር ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚሆነው ፌሎውሺፕ አንድ ጀማሪን ለሁለት አማካሪዎች፣ ለዕብራይስጡ ምሁርና ለግእዙ መምህር፣ የሚሰጥ ነው። የቋንቋ ትምህርት፣ በውጭ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ለማየት የሚያስችል የጉዞ ወጪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአገሩ ተመራማሪ በስሙ የሚያሳትምበት ውል ሊካተትበት ይገባል።