«ምን ጎድሎባት ነው የምትደበረው?» እና ሌሎች ስለ አእምሮ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የሥነ ልቦና ቃላት ዛሬ ቲክቶክ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ ናቸው። የሚያዋክበን አለቃ «ናርሲስት» (ከራሱ በቀር ማንም የማይታየው) ነው። ቤቷን ወልውላ የማትጠግብ ጎረቤት «ኦሲዲ (ሐሳብና ድርጊት እያመላለሰ የሚያስጨንቅ ሕመም) አለባት»። ቃላቱ መለመዳቸው ደግ ነው። ችግሩ፣ ለሁሉም ነገር ሲባሉ በእውነት የታመመውን ሰው የሚያምነው ይጠፋል።

«ምን ጎድሎባት ነው የምትደበረው?»

ድባቴ (ዲፕሬሽን) ጉድለት ቆጥሮ አይመጣም። ቤት ያላት፣ ልጆቿ የደረሱላት፣ ከውጭ ብር የሚላክላት ሴትም ትታመማለች። ከተራ ሐዘንም ይለያል። ልቅሶ ቤት እንኳ መሃል ላይ ይሳቃል። ባለሙያዎች ድባቴ የሚሉት ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ስሜት ሲጨልም ወይም ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ሲያስጠላ ነው። በዚያ ላይ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዛባል፣ ጉልበት ይከዳል፣ «ለማንም አልረባም» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል።

እኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚወጣው። ሰው «ከፋኝ» ብሎ ሐኪም ቤት አይሄድም። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይጫነኛል፣ ጨጓራዬ ነው» ይላል። ደም ይሰጣል፣ ሽንት ይሰጣል፣ አልትራሳውንድ ይነሳል፤ ሁሉም ደህና። ቤተሰቡም «ምንም የለበትም ተብሏል» ብሎ ይገላገላል። ራስ ምታቱ ግን የውሸት አይደለም፣ ያማል። ነገሩ የሚገለጠው «እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ከሰው ጋር መጫወትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲገኝ ነው።

መድኃኒት ከታዘዘም ብዙ ሰው «3 ቀን ወሰድኩት፣ አልሠራም» ብሎ ያቆማል። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። የአፍ መድረቁና ማቅለሽለሹ ግን ቀድሞ ይመጣል። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሐኪም ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

«ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ብዬ ከጠየቅኩት ሐሳቡን እሰጠዋለሁ»

አትሰጠውም። ካሰበበት ቀድሞም አስቦታል። መጠየቁ ብዙ ጊዜ እፎይ ያሰኘዋል። በግልጽ ጠይቁ፤ መቼም «ይህን ሞኝነትማ አላሰብከውም አይደል?» ማለት ጥያቄ አይደለም። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ያለውን የተባይ መድኃኒትና ኪኒን ሁሉ አርቁ፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

«ኦሲዲ ንጽሕና መውደድ ነው»

ንጽሕና የሚወድ ሰው ቤቱ ሲጸዳ ደስ ይለዋል። ኦሲዲ ያለበት ሰው እጁ እስኪላጥ ታጥቦም ደስ አይለውም። የማይፈልገው ሐሳብ ይመጣበታል፤ ጭንቀቱን ለማስታገስ አንድ ነገር ይደጋግማል፤ ለአፍታ ቀለል ይለዋል፤ ከዚያ ያው ነው።

ከእጅ መታጠብ ጋር የማይገናኝም አለ፣ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ። አንዲት ምዕመን ጸሎት መሃል የስድብ ሐሳብ ይመጣባታል። ትደነግጣለች። ጸሎቱን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እንደገና ይመጣል። ለንስሐ አባቷ ያንኑ ነገር በየሳምንቱ ትናገራለች፣ «እግዜር ይፍታሽ» ተብላም አታርፍም። እምነቷ አልጎደለም። እንዲያውም ሐሳቡ የሚያስጨንቃት አጥብቃ ስለምታምን ነው። ሕክምናው ሐሳቡን ማባረር አይደለም። በባለሙያ እርዳታ፣ ሐሳቡ ሲመጣ ሳትደግም ማለፍን ቀስ በቀስ መልመድ ነው።

«ስኪዞፍሬኒያ ማለት አንድ ሰው ሁለት ሆኖ መኖር ነው»

ይህ የፊልም ታሪክ እንጂ ስኪዞፍሬኒያ አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሌላ ማንም የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፣ ሰዎች የሚያሴሩበት ወይም ሬድዮው ስለ እሱ የሚያወራ ይመስለዋል፣ ንግግሩ መያዣ ያጣል። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ይላል፣ መታጠብ ይተዋል፤ ቤተሰብ ይህን ስንፍና ይለዋል። አደገኛ ነው መባሉም ተጋኗል፤ አብዛኛው ማንንም አይነካም፤ ይልቅ እሱ ነው የሚደበደበው።

ጸበልና መድኃኒት አይሄዱም የሚባለውም ልክ አይደለም። መጠመቅ የፈለገ ይጠመቅ። ጉዳቱ መድኃኒቱን በድንገት ማቆሙ ላይ ነው፤ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

«አሉታዊ ማጠናከሪያ ማለት ቅጣት ነው»

ሳይኮሎጂ የተማረው እንኳ ይሳሳተዋል። ቅጣት ባህርይን ይቀንሳል፤ ማጠናከሪያ ያበዛል። «አሉታዊ» የተባለው የሚያስጠላ ነገር ስለሚወገድ ነው። ልጁ ሱቅ በር ላይ ተንከባሎ ለከረሜላ ይጮኻል። እናት ትገዛለታለች፣ ጩኸቱ ይቆማል። ልጁ መጮኽ እንደሚያዋጣ ተማረ። እናትም መግዛት ጸጥታ እንደሚያመጣ ተማረች። አሉታዊ ማጠናከሪያው የእሷ ነው፤ የሚያስጠላው ጩኸት ተወግዶላታልና። ማን ማንን እንዳሳደገ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

«ከአንጎላችን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው»

ውሸት። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከጉልበቱ 20 በመቶ ገደማ ይበላል። ሥራ ፈት ይህን ያህል አይቀለብም።

«ሳይኮሎጂስትም ሳይካትሪስትም ያው ነው»

ሳይካትሪስት መጀመሪያ የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ሕክምና ይረዳል፤ መድኃኒት አያዝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞች ለዚህ ትምህርት ውጭ መሄድ ነበረባቸው። ስለዚህ ሳይካትሪስት ገና ጥቂት ነው፤ ዛሬም በብዙ ከተማ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝላችሁ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሊሆን ይችላል። «ዶክተር ካልሆነ» ብላችሁ አትመለሱ፤ ሥልጠናው ለዚሁ ነው።