የልጆች የዳንስ ትምህርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዳንስ ደግሞ ምን ይማሩታል? ሙዚቃ ሲከፈት ልጅ ሁሉ ይወዛወዝ የለ?» ልክ ነው፣ ይወዛወዛል። ልጅ ሁሉ ያወራልም፤ ቋንቋ ግን ትምህርት ቤት ይማራል።

«መምህሯ ያሳየችውን መቅዳት ነው እንጂ ፈጠራ የለውም»

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። እርምጃ መቁጠር ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የእንቅስቃሴ ሊቁ ሩዶልፍ ላባን እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ዳንስ ትምህርት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጆች የተዘጋጀ እርምጃ ከሚሸመድዱ ይልቅ ክብደትን፣ ጊዜን፣ ቦታንና ፍሰትን በሰውነታቸው እንዲመረምሩ ይመክራል። ክፍል ውስጥ ይሄ ምን ይመስላል? መምህሯ «ከዚህ ግድግዳ እስከዚያኛው ሂዱ፤ መራመድ ግን አይፈቀድም» ትላለች። አንዱ ይንከባለላል። አንዷ በቂጧ ትንፏቀቃለች። ሦስተኛው ቆሞ ያስባል። እሱን አታጣድፉት፤ ሥራ ላይ ነው። «እንደፈለጋችሁ ደንሱ» ቢባሉማ አብዛኞቹ ትናንት ስልክ ላይ ያዩትን ይደግማሉ። ክልከላው ነው አዲስ ነገር የሚያስወልዳቸው።

«ዓይን አፋር ልጅ ለዳንስ አይሆንም»

ይሄ ክፍሉን ከመድረክ ጋር ማምታታት ነው። የመስታወት ጨዋታን እዩ፦ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አንዱ የሚያደርገውን ሌላው እኩል ይከተላል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። አንድ ቃል መተንፈስ አያስፈልግም። ቋንቋ ለማይግባቡ ልጆችም ይሠራል።

«አብሮ መደነስ ለመዝናናት ነው፤ ልጆችን አያቀራርብም»

የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ደስ ይላል። የ14 ወር ሕፃናት ታቅፈው በሙዚቃ ይወዘወዛሉ፤ ፊት ለፊታቸው አንዲት ተመራማሪም ትወዛወዛለች። ለአንዳንዶቹ ምቱን ጠብቃ፣ ለሌሎቹ ሆን ብላ አፋልሳ። በኋላ ሳታስብ እንደወደቀባት ሰው ሆና ዕቃ ስትጥል፣ አንስተው በመስጠት የበለጡት እኩል የተወዛወዙት ናቸው። ገና አፋቸውን በቅጡ ያልፈቱ ልጆች! እርግጥ ክፍሉ ከጠዋት እስከ ማታ ውድድር ከሆነ ይሄ ይጠፋል። የፊት መስመር ላይ ለመቆም የሚገፋፉ ልጆች ምት ስለጠበቁ ብቻ አይዋደዱም።

«የሴት ልጅ ነገር ነው»

አይደለም። ዳንሰኛ ወንድ በየአገሩ ሞልቷል።

«ዊልቼር ላይ ያለ ልጅ አይችልም»

ብሪታኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው ካንዶኮ የዳንስ ቡድን አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ዳንሰኞች አንድ መድረክ ላይ ያሠራል። «ሂዱ፤ መራመድ ግን አይፈቀድም» ሲባል ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ መላ ያለው ማን ይመስላችኋል?