የቀበሌ ቤት ኑሮ በመሃል አዲስ አበባ

የቀበሌ ቤት የሚባለው መንግሥት በትንሽ ኪራይ የሚያከራየው መኖሪያ ነው። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታና በተክለሃይማኖት ለረጅም ዘመን የሠራተኛው፣ የጡረተኛውና የጉሊት ነጋዴዋ ማደሪያ እሱ ነበር። ዛሬ ቀበሌ በወረዳ ተተክቷል። ቤቱ ግን አሁንም የሚጠራው በድሮ ስሙ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ጤፉም ዘይቱም ሲሰቀል ኪራዩ ባለበት ቆመ። ለወር ኪራይ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ የሚከፍል ሰው ነበር።

በዚህ ሒሳብ ታዲያ እድሳት አይታሰብም። ቀበሌው ገንዘብ የለውም። ተከራዩ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አይነካም፤ ቢያድሰውም የራሱ አይሆንም። አብዛኛው ቤት በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ምርጊቱ ሲረግፍ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የተተረተረ ማዳበሪያ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ በየጥጉ ሳፋ ይደቀናል።

እንግዲህ ሰው ግድግዳውን ሳይነካ ቤቱን ማስፋት ነበረበት። መላው ቆጥ ነው። ከጣሪያው ሥር እንጨት ተረብርቦ ሌላ ወለል ይሠራል፤ ልጆች በመሰላል ወጥተው እዚያ ያድራሉ። ልጅ ማደጉ የሚታወቀው ጭንቅላቱ ቆርቆሮውን ሲመታ ነው። ከታች ያለው አልጋ በመጋረጃ ይከለላል፤ ሥሩ መጋዘን ነው። ሲቸግር ቆጡ ለቀን ሠራተኛ ይከራያል። አንድ ቤት ለሁለት አባወራ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ያኔ ተጋሪው «ደባል» ይባላል። ደባልነት ከጋብቻ የጠና ነው፤ ፍቺ የለውም።

የቀረው ኑሮ ግቢ ውስጥ ነው። ማድቤቱ የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ብዙ ጊዜ ቆጣሪውም የጋራ። ጠብ የሚነሳው በቆጣሪው ነው። ሒሳብ ሲመጣ በአምፖል ቁጥር ይካፈላል፤ ቴሌቪዥን ያለው ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተራ ነው። ሁለት ምጣድ አንዴ ከተሰካ ፊውዙ ይቃጠልና ግቢው በሙሉ ይጨልማል። ከዚያ «ማን ነው ያለ ተራው የሰካው?» ይባላል። ማንም አልሰካም።

ሽንት ቤቱ ሲሞላ ገንዘብ ተዋጥቶ መጣጭ መኪና ይጠራል። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ስለማያስገባው ቱቦው በየሰዉ ደጃፍ ያልፋል። ያን ቀን ቡና አይፈላም።

በሌላው ቀን ግን ይፈላል፤ የተጠራም ያልተጠራም ይመጣል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ማን ሌሊት እንዳሳለ፣ የማን ልጅ አምሽቶ እንደገባ ይታወቃል። ይሄ ያስመርራል። ሥራ የምትሄድ እናት ግን ልጇን ለጎረቤት ጥላ የምትወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ሲሞትም የእድሩ ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ይተከላል፤ ንፍሮው በጋራ ማድቤት ይቀቀላል።

እነዚህ ሰፈሮች አሁን አብዛኞቹ ፈርሰዋል። ልደታ ቀድሞ ፈረሰ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአራት ኪሎ፣ በ2017 ደግሞ የካዛንቺስ ነዋሪዎች በኮሪደር ልማት ተነሡ፤ ከካዛንቺስ ብዙዎቹ ከተማዋ ዳር ያለው ገላን ጉራ ሰፈር ገቡ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቆጣሪው በስሙ ነው፤ ሽንት ቤቱም የራሱ። ለድግስና ለበግ ማረጃ በየሳይቱ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተሠርቷል። አንዳንድ የድሮ ሰፈር እድሮች ግን አልፈረሱም። አባላቱ ለቀብር ከየአቅጣጫው በሁለት ሦስት ታክሲ ይመጣሉ፤ ያረፈደም ይቀጣል።